«አሬስት» የሚለው ቃልና የ1894 ዓ.ም. የወሰን ውል

የእንግሊዝኛን ቋንቋ ለሚማር ተማሪ ከረዣዥሞቹ ቃላት ይልቅ አጫጭሮቹ ያስቸግሩታል። ረዥሙን ቃል ባያውቀው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ አጭሩን ግን የሚያውቀው ስለሚመስለው ሳይመረምር ያልፈዋል። ይህ ስሕተት በመማሪያ ክፍል የተደረገ እንደ ሆነ ከጥቂት ማርክ በቀር የሚያጎድለው የለም። በመንግሥታት መካከል ሲሆን ግን ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘልቃል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን ይህንኑ የመተማን ወሰን የወሰነው ውል ነው።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ በመተማ ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። በውሉ 17ኛ ክፍል የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ አድርጎ ተረጐመው። የዚህም ፍጻሜ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ እንደ ታየ ሁላችን እናውቃለን።

ከዐድዋ ድል ስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሐሪንግተን በአዲስ አበባ ሌላ ውል ተፈራረሙ። ይህም ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንደኛው ክፍል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ከኮር ኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ዐባይና ወደ ደቡብ ይስባል። ቻርልስ ግዊን የተባለው የእንግሊዝ መኰንን በ1903 እ.ኤ.አ. መስመሩን በምድር ላይ ሲያመለክት የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ስለ ወሰኑ የተነሣው ክርክር ከዚህ የመጣ ሲሆን፣ ስለ ውሃው የተነሣው ክርክር ግን ከቋንቋ የመጣ ነው።

በሦስተኛው ክፍል የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ በዐባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ «አሬስት» የሚያደርግ «ወርክስ» ያለ ስምምነት እንዳይሠሩ «ኢንጌጅ» አድርገዋል ይላል። እነዚህን ሦስት ቃላት ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። «ኢንጌጅ» ሲሰማ መተጫጨትን ያስባል፤ በውል ቋንቋ ግን ግዴታ መግባት ነው። «ወርክ» ሥራ ማለት ሆኖ በብዙ ቍጥር እንደማይነገር ተምሯል፤ «ወርክስ» ሲባል ግን ግድብንና ድልድይን የመሰለ ግንባታ ይሆናል። «አሬስት» ደግሞ ፖሊስ ሌባ ሲይዝ የሚባል ነው፤ ለውሃ ሲነገር ግን ማቆም ወይም መግታት ይሆናል። መግታት ደግሞ ሁልጊዜ ፈጽሞ መዝጋት አይደለም።

የአማርኛው ጽሑፍ የሚከለክለው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚደፍን ሥራ ነው። በአማርኛ ሰዋስው «የሚደፍን» የሚለው ገላጭ ከ«ሥራ» ፊት ቆሞ የትኛው ሥራ እንደ ተከለከለ ወዲያው ያሳያል። በእንግሊዝኛ ግን ገላጩ ከኋላ ይመጣል፤ በመካከሉም የሦስቱ ውሃዎች ስም ስለ ገባ፣ ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው በውሃዎቹ ላይ ማናቸውም ሥራ የተከለከለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ግብፅና ሱዳን ይህን ውል እየጠቀሱ ኢትዮጵያ ሳታስማማቸው በዐባይ ላይ እንዳትሠራ ሲከራከሩ፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን የተከለከለው ውሃውን ፈጽሞ ማቆም እንጂ በውሃው መጠቀም አይደለም ብለው ይመልሳሉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ክርክሩን ይበልጥ አጠነከረው። ግድቡ ወንዙን አቋርጦ ቆሟል፤ ውሃው ግን ተርባይኑን እያዞረ ወደ ሱዳን ይወርዳል። እንግዲህ ወንዝ ተደፈነ የሚባለው ግንብ ሲቆምበት ነውን ወይስ ውሃው ሲቀር?

የተወደዳችሁ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የባዕድ ቋንቋ ስንማር ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋራ እንወቀው፤ በመንገድ የምናውቀው ቃል በፍርድ ቤትና በውል ሌላ ልብስ ይለብሳልና። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ለማወቅ ስንጣጣር አማርኛችንን አንናቅ። በ1894 ዓ.ም. ውል ለአገራችን መከራከሪያ ሆኖ የቀረው ጸሐፊው በገዛ ቋንቋው «ከዳር እስከ ዳር» ብሎ አጥርቶ መጻፉ ነው። ከእኛም መካከል ነገ ለአገሩ ውል የሚያነብና የሚተረጕም ይኖራል፤ ያ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አስተካክሎ የያዘ ይሁን።