ባለ አገሩ ማን ነው?
ከግሽ ዓባይ እስከ ፍኖተ ሰላም

ከተማ ውስጥ ሰውን ለማናናቅ ከሚወረወሩ ቃላት አንዱ «ባላገር» ነው። አስፋልት ለመሻገር ያመነታ፣ ሊፍት ውስጥ የተደናገጠ፣ ሰላምታ ያበዛ ሁሉ «ምን ዓይነት ባላገር ነው!» ይባላል። ቃሉን ከፍሎ ላየው ሰው ግን ስድብነቱ ግራ ያጋባል። ባለ አገር፣ ማለትም አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ነውና። «ከተማ» የሚለው ቃል ደግሞ «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ሰፈረ፣ ጦሩን አሳረፈ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ምስክርነት ባለቤቱ ገጠሬው፣ ሰፋሪው ከተሜው ነው። ታዲያ ባለቤትነት እንዴት ስድብ ለመሆን በቃ? ይህን ለመመርመር ከምዕራብ ጎጃም የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

በጥንቱ ዘመን ከተማ ማለት የንጉሥ ሰፈር ነበር። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ዋና ከተማ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ የድንኳን ከተማ ነው። ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴውና ጠጅ ጣዩ ሳይቀር አብረው ይጓዛሉ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚቀልበው ባላገሩ ነው። ስለዚህ ባላገር ከተማ መጣ ሲባል በመጀመሪያ የሚታየው የጎተራው መጉደል ነበር።

ግሽ ዓባይም ይህን ታውቃለች። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ያየው ለብቻው ተጉዞ ሳይሆን ከአፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር መጥቶ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1763 ዓ.ም.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከዚያው ምንጭ ደረሰ። ብሩስ በመጽሐፉ እንደሚተርከው በጎንደር የነበሩት ንጉሥ፣ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት፣ የግሽን መንደር ከነምንጮቿ ለእርሱና ለዘሩ ሰጥተውት ነበር። በዚያን ዘመን ምንጩን የሚጠብቀው፣ በዙሪያውም የሚያርሰው አገው ነው። ሰጪውም ተቀባዩም በሩቅ ናቸው፤ አገሬውን የጠየቀ የለም።

ይሁንና ይህ ስጦታ በዘመኑ ሥርዓት ገበሬውን ከእርሻው የሚነቅል አልነበረም። ንጉሥ ለወደደው የሚሰጠው ጉልት ነው፤ ጉልት ማለት ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ነው። የመሬቱ ርስትነት ግን የባላገሩ ነው። በጎጃም ርስት ከአቅኚው አባት የሚቆጠር ሲሆን፣ በአባትም በእናትም ትውልዱን መቁጠር የቻለ ወንድም ሴትም ድርሻውን ይጠይቃል። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ ርስት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ሀብት ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚሟገቱለት መብት ነው። ባላገሩ የዘር ሐረጉን በቃሉ የሚያጠናው ለዚህ ነው። ሙግቱ፣ ጋብቻው፣ ደቦው፣ ማኅበሩ ሁሉ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው።

በሌላ አነጋገር ርስት ያለው በገጠር ይኖራል። ከተማ የሚገባውስ ማን ነው? የቡሬን ታሪክ ማየት ይበቃል። ቡሬ ከዓባይ ማዶ ከወለጋ በኩል የሚመጣው ንግድ መተላለፊያ በመሆኗ ስሟ የገነነ የገበያ ቦታ ነበረች። በጎጃም ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስላልነበረው ኑሮው በንግድና በሽመና ነበር፤ ቀጥቃጩና ፋቂውም እንዲሁ በእጁ ሥራ ያድራል። በእነዚህ ላይ ሹሙ፣ ነጭ ለባሹ፣ ጠላ ሻጯ፣ ከባሏ ተፋታ የወጣችው ሴት ሲጨመሩ ከተማ ይሆናል። ባላገሩ እነዚህን ሰዎች «አገር የሌላቸው» እያለ ይንቅ እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። ንቀቱ ያኔ ከገጠር ወደ ከተማ ነበር። ርስት አልባው ሰው ከሰው በታች ሲቆጠር የኖረበት ሥርዓት ስለነበረም ርስትን እንዲያው በናፍቆት ብቻ ማውሳት አይገባም።

ንቀቱ አቅጣጫውን የለወጠው መንገድና መሥሪያ ቤት ሲመጣ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚሁ መሥመር ተጉዘው በመጋቢት ማብቂያ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችው ቦታ ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከእሳቸው እንደሆነ ይነገራል። በዚያ መንገድ ዳር ፍርድ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያና ትምህርት ቤት ተደረደሩ። ከዚያ ወዲህ ባላገሩ ከተማ የሚወርደው ለገበያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ለፊርማና ለማኅተም ደጅ መጥናትም ሆነ። ማንበብ የሚችለው ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጧል፤ ባላገሩ ከወዲህ ቆሟል። «ባላገር» ስድብ መሆን የጀመረው በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይሆን አይቀርም።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዓዋጅ ጎጃምን ከጋሻ ልኬት አስቀርቶ ግብሩን በቀድሞው መጠን እንዲከፍል ፈቅዶለት ነበር። በኅዳር 1960 ግን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዓዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከአሥራት የተሻለ ሕግ ይመስላል፤ ባለ ብዙ ገቢው ብዙ፣ ባለ ጥቂቱ ጥቂት ይክፈል ይላል። ባላገሩ የተመለከተው ግን ሌላ ነገር ነው። ገቢ እንዲገመት ገማች ማሳው ላይ መቆም አለበት፤ ዛሬ የገመተ ነገ ይለካል፤ የተለካ መሬት ደግሞ በሌላ አገር የማን እንደሆነ ሰምቷል። የሞጣ፣ የቢቸና፣ የዳሞት ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን የሸሸው መንግሥት ነው። አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። አመፁን «የኋላ ቀርነት ምልክት» ያሉ የከተማ ሰዎች ነበሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ግን ያው ባላገር የፈራው በሌላ መልክ ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዓዋጅ ለደቡቡ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። መሬቱን በጭሰኝነት ሳይሆን በርስትነት ይዞ ለኖረው የጎጃም ገበሬ ግን «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር እንግዳ ነገር ነው። እርሱ አራሽም ባለ ርስትም ነበር። ዓዋጁን ሊያስረዱት ከከተማ የመጡት ዘማች ተማሪዎች ነበሩ፤ በመላው አገሪቱ የዘመቱት 60 ሺህ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ገጠርን በቅርብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ሲባል በአባት የሚቆጠረው መብት ቀርቶ በመዝገብ የሚቆጠር ይዞታ መጣ፤ መዝገቡ ደግሞ በጽሕፈት ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው ሽግሽግ ከአንዱ ተቆርሶ ለሌላው ሲሰጥ መሬት አልባ የነበሩ ወጣቶች ማሳ አገኙ፤ የተቀነሰባቸው አዘኑ። የሁለቱም ዕድል የተወሰነው ግን በስብሰባና በመዝገብ ነው።

ዛሬ ከተማው ድንኳኑን አይነቅልም፤ ይሰፋል እንጂ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፈበት መሬት በበሬ ይታረስ ነበር። ፋብሪካ አያስፈልግም የሚል ጤነኛ ሰው የለም፤ የገበሬው በቆሎና ወተት ገዢ ይሻልና። ጥያቄው ሲለቅ በምን ሂሳብ ይለቃል ነው። የ1997ቱ የካሣ ዓዋጅ ማሳውን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢውን በአሥር አባዝቶ ይከፍል ነበር፤ ዓዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት አሳደገው። ጭማሪው መልካም ነው። ሆኖም አያቱ ለልጅ ልጅ የቆጠሩትን መሬት የአሥራ አምስት ዓመት አዝመራ አድርጎ የሚያሰላ ቁጥር፣ አሥራ ስድስተኛው ዓመት ላይ ስለሚኖረው ልጅ የሚለው ነገር የለም።

መቼም መብራት፣ ውኃ፣ ሐኪም ቤት ገጠር ሲገባ ልዩነቱ ይጠብባል ይባላል። ይጥበብ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከግሽ ስጦታ እስከ ቡሬ ካሣ ሳይለወጥ የዘለቀ አንድ ልማድ አለ፤ በማሳው ላይ የሚወሰነው ማሳው በሌለበት ቦታ ነው። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ መሬቱን ለቅቆ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት የሚከራየው ገበሬ አዲስ አበባን ሳያይ ከተሜ ይሆናል። ልጁም የሰፈሩን ቋንቋ ለምዶ፣ ከገጠር የመጣውን የአጎቱን ልጅ «ባላገር» ብሎ ይሰድበው ይሆናል፤ የስድቡ ትርጉም አገር ያለው ማለት መሆኑን የሚነግረው ሰው ካላገኘ።