እርካብ

እናቴ በበቅሎ ዘመን ያደገች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት ደብል ጋቢና ፒካፕ ስገዛ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያሳየሁት ለእርሷ ነበር። ዞራ አየችው፤ መረቀችው፤ በሩን ይዛ አንድ እግሯን አነሣችና መልሳ አወረደችው። «ልጄ፣ ይኼ እርካብ የለውም እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን አመመኝ እያለች እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ጀመረች። በሰው ፊት ተደግፋ መጫኑን አፍራ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቃሏ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እርካብ በአገራችን ትንሽ ነገር ነበር፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባባት የብረት ቀለበት። በአውሮጳ ደግሞ ሠረገላው የብረት መርገጫ ነበረው፤ አውቶሞቢልም ሲፈጠር ይህንኑ ወረሰ። ከእ.ኤ.አ. 1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ፣ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ ፓራፋንጎ የሚዘልቅ ረጅም መርገጫ ነበረው። አፄ ምኒልክ መኪና ያዩት ዘመኑ እንዲህ በነበረበት፣ በ1900 ዓ.ም. ነው።

በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መኪኖች ዝቅ እያሉ፣ አካላቸውም ወደ ጎን እየሰፋ ሄደና መርገጫውን ዋጠው። ቅርሱን ይዛ የቆየችው ፎልስዋገን ናት፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ጠባብ መርገጫዋ ከጎኗ አልተለየም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደቻቸውም ፎልስዋገን ነበረች። ያን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ዓይነ ልቡናዬ የሚያርፈው በዚያች ጠባብ መርገጫ ላይ ነው። ለካ ሰው ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ሲወርድም በእርከን አጠገብ ያልፋል!

ፒካፕ ግን ለጭነትና ለአስቸጋሪ መንገድ ከፍ ብሎ የተሠራ ነውና፣ የተረሳው መርገጫ በእርሱ ዘንድ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። እኔም ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የገዛሁት የሚያብረቀርቅ ድቡልቡል ቧንቧ ነበር። ለዓይን ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል፤ የታሰረውም በስሱ ቆርቆሮ ላይ ስለ ነበር ስረግጠው ተንቀጠቀጠ። አስፈታሁት።

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት እናቴ ሳትደገፍ የምትወጣውን የቤታችንን ደረጃ ቁመት ለካሁ። ከዚያ ሶማሌ ተራ ወርጄ ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ፣ ሸካራ ላስቲክ የለበሰ፣ በጠንካራ ብረት ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ መርገጫ መረጥሁ። በጣም ዝቅ ቢል ድንጋይ ይመታዋል፤ በጣም ከፍ ቢል ለእርሷ ጉልበት አይሆንም። ከመሬት እስከ ጋቢናው ወለል ያለውን ርቀት እኩል እንዲከፍለው አደረግሁ።

እሑድ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እጄን ልዘረጋላት ስል «ተው» አለችኝ። አንድ እግሯን አሳረፈች፤ በሩን ያዘች፤ ወጣች። ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ ወደ ታች አየችና፣ «አሁን በቅሎ ሆነ» አለች።