ሐርጌሳ፦ ማደሪያና ማምሻ

የሶማሊላንድ ዋና ከተማ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከጅግጅጋ ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል በመኪና ይገባባታል።

ማደሪያ የሚመርጥ እንግዳ አስቀድሞ የሚወስነው ከመሀል ከተማ ልረፍ ወይስ ከዳር የሚለውን ነው። መሀል ያለው ኦሪየንታል ሆቴል ከነባሮቹ አንዱ ነው። ገበያው፣ የሽልንግ እሽግ መንገድ ላይ ደርድረው የሚቀመጡት ገንዘብ ለዋጮች፣ እንዲሁም በ1988 እ.ኤ.አ. ለደረሰው የአየር ድብደባ መታሰቢያ የቆመው ሚግ አውሮፕላን በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ጫጫታውን መቻል ግን ግድ ነው። አምባሳደር ሆቴል ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርባል፤ ለሥራ የመጣ ሰው እዚያ ቢያርፍ ይሻለዋል።

አልኮል የተከለከለ ስለሆነ ቢራ ፍለጋ መዞር ከንቱ ድካም ነው። ምሽቱ የወተት ሻይ፣ የግመል ሥጋና የጫት ነው፤ ጫቱም በአብዛኛው ከእኛው ሐረርጌ የሚሄድ ነው። ሙዚቃ ያማረው ሂዶ ዳውርን ይጠይቅ። ድምፃዊት ሳህራ ሃልጋን ከፈረንሳይ ተመልሳ የከፈተችው ይህ ቤት፣ ከጦርነቱ በኋላ ጠፍቶ የነበረውን የመድረክ ሙዚቃ በመመለሱ ይታወቃል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ ስለሚውል፣ በዚያ ሰሞን የሚሄድ ክፍል ቀድሞ ይያዝ። ሂሳብ በዶላር ወይም ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ ይከፈላል።