ፓርኪንሰን በዘር ይወረሳል?

አባቴ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ ጭኑ ላይ ያሳረፈው ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲኒውን ለማንሳት ሲዘረጋው ደግሞ ይተወዋል። "የእርጅና ነው" ብለን አንድ ዓመት አሳለፍን። እርምጃው ሲያጥርና ፊርማው እያነሰ ሲመጣ ወደ ነርቭ ሐኪም ወሰድነው። በሽታው ፓርኪንሰን ተባለ። እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው "እኛንስ ይይዘናል?" ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም የማስበው ያንኑ ነበር።

በሽታውን በ1817 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዝርዝር የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ስለሚሞቱ የሰውነት እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻም ይገተራል።

ለረጅም ጊዜ ዘር ከበሽታው ጋር ብዙም ግንኙነት እንደሌለው ይታመን ነበር። ይህን ያናጋው በ1997 በጣሊያንና በግሪክ ቤተሰቦች ላይ የተገኘው የአልፋ ሲኑክሊን ጂን ለውጥ ነው። እንዲህ በቀጥታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ዓይነት ግን ጥቂት ነው። በ2004 የታወቀው ኤል አር አር ኬ 2 የተባለው ጂን ለውጥ በሰሜን አፍሪካ አረቦችና በአሽከናዚ አይሁዳውያን ዘንድ በርከት ብሎ ይታያል። ከጉግል መሥራቾች አንዱ ሰርጌይ ብሪን ይህን ለውጥ እንደተሸከመ በ2008 ራሱ ተናግሯል። የተሸከመው ሁሉ ግን አይታመምም።

ለእኛ ቀረብ የሚለው በ2023 የታተመው ጥናት ነው። በአብዛኛው በናይጄሪያውያንና የአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ ጂቢኤ1 በተባለው ጂን ላይ በአውሮፓውያን ዘንድ እምብዛም የማይገኝ ለውጥ አሳይቷል። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው የመታመም ዕድሉ 1.5 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰው 3.5 እጥፍ ያህል ይጨምራል። እስከዚያ ድረስ ምርምሩ በአመዛኙ በአውሮፓውያን ደም ላይ ስለነበር አልታየም። የምዕራብ አፍሪካው ውጤት ለኢትዮጵያዊ እንዳለ ይሠራል ብሎ መደምደምም፣ በእኔ እምነት፣ ያው ስህተት ነው። በአገራችን በቡታጅራ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ታይቶ በ1990 በታተመው ጥናት ከ100 ሺህ ሰው ፓርኪንሰን የተገኘባቸው 7 ያህል ነበሩ።

ሐኪሙ ለእህቴ የሰጣት መልስ አጭር ነው፦ ታማሚ ወላጅ መኖሩ አደጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች ግን አይታመሙም።

ሕክምናውስ? ጂኖቹ ቢታወቁም በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ የሚተከልበት፣ በ1980ዎቹ በፈረንሳይ ግሬኖብል የተጀመረው ቀዶ ሕክምና አለ፤ ለሁሉም አይሆንም። አባቴ የሚውጠው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀውን ሌቮዶፓ ነው። ንጥረ ነገሩ በ1913 ከባቄላ ተለይቶ የወጣ መሆኑን ስነግረው "ታዲያ ምነው በባቄላ ሽሮ ብቻ ብታከሙኝ!" አለ። ሐኪሙ አልተስማማም፤ በሽሮ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅም።

ፕሮቲን የበዛበት ምግብ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያውክ ክኒኑን ከምሳ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውጣል። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኔና እህቴ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር እንጀምራለን።