ከማሕረም ልጅነት ወደ እግዚአብሔር ሹመት

በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል፣ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳውም ዓምዱም ያው ድንጋይ ነው፤ ጠራቢው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካበም፤ ከዓለቱ የማይሻውን እየቀነሰ የሚሻውን አስቀረ። የአገሩ ትውፊት ሥራውን ለወንድማማቾቹ ነገሥታት፣ ለአብርሃና ለአጽብሓ ይሰጣል። ብዙ ተመራማሪዎች ሥራውን ወደ ንጉሥ ላሊበላ ዘመን ቢያቀርቡትም፣ ትውፊቱ ከእነዚያ ነገሥታት ጋር ማያያዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አገሪቱ ሃይማኖቷን የለወጠችው በእነርሱ ዘመን ነውና። ያም ለውጥ አሮጌውን ሁሉ አፍርሶ እንደ አዲስ መካብ ሳይሆን እንደዚህ ቋጥኝ መጥረብ ነበረ።

ምን ተጠርቦ ምን እንደ ቀረ ለማየት ከአሮጌው ልማድ እንጀምር። አስቀድሞ ሮማውያን ብዙ አማልክትን ያመልኩ ነበር። የጦርነት አምላካቸውን ማርስን የከተማቸው መሥራች የሮሙሉስ አባት ይሉታል፤ አውግስጦስም የአምላክ ልጅ ተብሎ ተጠራ። የሌላውንም ሕዝብ አምላክ በራሳቸው አምላክ ስም መጥራት ልማዳቸው ነበር፤ የግሪኮችን ዜውስ ዩፒተር፣ አሬስን ማርስ አሉት። ይኸው ልማድ በቀይ ባሕር ዳር በእኛም ዘንድ ይገኝ ነበር። በአክሱም መንግሥት ወደብ በአዱሊስ በቆመው የእብነ በረድ ዙፋን ላይ፣ ስሙ ያልተረፈልን ንጉሥ አሬስን ወላጄ ብሎ ዙፋኑን ለእርሱ እንዳቆመ፣ ለዜውስና ለፖሲዶንም እንደ ሠዋ በግሪክኛ ተጽፎ ነበር። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በዐፄ ካሌብ ዘመን ገልብጦ አቆየልን።

አሬስ የሚለው ስም ለባሕር ነጋዴዎች የተመረጠ የትርጉም ቃል እንጂ የአገሩ እምነት አይደለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ብዙዎች ከትውፊቱ አብርሃ ጋር አንድ የሚያደርጓቸው ንጉሥ ኢዛና በቤጃ ሕዝብ ላይ ስላገኙት ድል በአክሱም ያስቀረጹት ድንጋይ ይመልስለታል። ግሪክኛው የአሬስ ልጅ ባለበት ስፍራ ግዕዙ የማሕረም ልጅ ይላል፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ንጉሡ ከጦር አምላክ ተወለድሁ ማለታቸው አንድ ነው። ለዚያም አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ ምስል አቆሙ። ለባዕድ ጆሮ ብቻ በተባለ ቃል እንዲህ ያለ ወርቅ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ በፍሬምናጦስ፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ኢዛና አመኑ። ጨረቃና ክብ በነበረበት ገንዘባቸው ላይ መስቀል ተቀረጸ። ካመኑ በኋላ ባስቀረጹትም ጽሕፈት ድል የሰጠው የሰማይ ጌታ ሆነ፤ ንጉሡም በሥጋ አባታቸው የእለ ዓሚዳ ልጅ ብቻ ተባሉ። በጠላት የማይሸነፍ የሚለው የቀድሞ ማዕርግ ግን አልወደቀም። በሮምም ቆስጠንጢኖስ ክርስቲያኖችን ከደገፈ በኋላ እንኳ የማይሸነፈው ፀሐይ የተባለው አምላክ ምስል በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 325 ገደማ በገንዘቡ ላይ ቆይቷል።

እንግዲህ ማዕርጉ ጸንቶ ከኖረ ምን ተለወጠ፣ ስም ብቻ አይደለምን ቢባል፣ የወደቀውን ቃል ማየት ይገባል። የወደቀው ልጅነቱ ነው። የአምላክ ልጅ የሆነ ንጉሥ ድሉን በትውልዱ ይወርሳል፤ የእለ ዓሚዳ ልጅ ግን ከሰማይ ጌታ ይቀበላል፤ ተቀባይም ለሰጪው ተጠያቂ ነው። ብሔር የሚለውንም ቃል ተመልከቱ፤ በአረማዊነቱ ዘመን ጽሕፈት አስታርና ምድር ከተባሉት አማልክት ጋር ዙፋን የቆመለት የአምላክ ስም ነበር፤ እግዚአብሔር፣ ማለትም የብሔር ጌታ፣ በሚለው ስም ግን ጌታ ያለው፣ ተገዢ ሆነ። ቃሉ ጸና፤ መለኮትነቱ ተጠርቦ ወደቀ።

የዚህም ፍሬ ከብዙ ዘመን በኋላ ከየካ ማዶ በእንጦጦ ታየ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ሲነግሡ ማዕርጋቸው ሥዩመ እግዚአብሔር ነበር። የአክሱሙ ንጉሥ ከማሕረም ተወለድሁ ባሉበት ስፍራ፣ የእንጦጦው ንጉሥ በእግዚአብሔር ተሾምሁ አሉ።