የደርግ ዛፍ፣ አስፈራሚው አረምና እምቦጭ

ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶብን ቆመን ነበር። ዓመታት አልፈውታል። ሹፌራችን ጎማውን አገላብጦ ሲያበቃ በፒንሳ የነቀለውን እሾህ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየኝና «ይኸው ወያኔ!» አለኝ። ያን ጊዜ ይህ ቃል በአደባባይ ጮክ ተብሎ የሚጠራ አልነበረምና ደንገጥ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። እሱ ሳቀብኝ። ለካ የሚያወራው ስለ ዛፉ ነው።

ሻይ ልንጠጣ ጎራ ባልንበት ዳስ የተቀመጡ አንድ አፋር ሽማግሌ ግን ስሙን አልተቀበሉትም። «ወያኔ አይደለም፤ አንተ አታውቅም፤ ይሄ ደርጊ ሐራ ነው» አሉት። ሐራ በአፋርኛ ዛፍ ነው፤ ደርጊ ሐራ ማለት እንግዲህ የደርግ ዛፍ መሆኑ ነው። ሹፌሩና ሽማግሌው ዛፉን ለየትኛው መንግሥት እንደሚሰጡት ሲከራከሩ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ዛፉ የተተከለው በአንደኛው ዘመን ነው፤ አገር ምድሩን ሲያለብሰው የታየው ደግሞ በሌላኛው።

የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው፤ የትውልድ አገሩም መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ። ከባህር ማዶ የመጣ ዛፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ለአፄ ምኒልክ ከተማ ያመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ባህር ዛፍ ተባለ። ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱ ሊነሳባት የነበረችውን አዲስ አበባን ከመሰደድ ያዳናት እሱ ነው ይባላል። ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም እየተባለ መታማቱ አልቀረለትም። ስሙ ግን ክስ የለበትም፤ የመጣበትን መንገድ ብቻ ነው የሚነግረን። የአፋሩ ዛፍ ስም ግን አቤቱታ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአዋሽ ዳርቻ ለአፋር የክፉ ቀን መጠጊያ ነበር። በጋው ሲጠና፣ ሜዳው ሲደርቅ ግመሉም ላሙም ወደ ወንዙ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የጥጥ እርሻው ከተንዳሆ እስከ መካከለኛው አዋሽ ምርጥ ምርጡን ሣር ያዘ። የ1965 እና የ66ቱ ድርቅ ሲመጣ መውረጃው ታጥሮ ነበርና እልቂቱ ከባድ ሆነ። አብዮቱ እርሻዎቹን የመንግሥት አደረጋቸው እንጂ ሣሩን ለከብቱ አልመለሰም። እንግዲህ ዛፉ የመጣው በዚህ በቆሰለ መሬት ላይ ነው። በ1970ዎቹ በአሚባራና በወረር አካባቢ ለነፋስ መከላከያና ለጥላ ተተከለ፤ በአሥርቱ መጨረሻ ደግሞ በረሃማነትን ለመግታት ተብሎ በምግብ ለሥራ በሰፊው ተስፋፋ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በረሃ ላይ የሚጸድቅ፣ ጨው የማይገድለው፣ ዝናብ የማይጠብቅ ዛፍ ማን ይጠላል? ያተረፈልን መከራ ሁሉ የመጣው ግን ከእነዚሁ መልካም ጠባዮቹ ነው።

የዛፉ ብልሃት ፍሬው ላይ ነው። ጣፋጭ ነው፤ ፍየሏም ላሟም ትወደዋለች። ዘሩ ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና ከሆድ ገብቶ ሳይፈጭ ይወጣል፤ ያውም ከማዳበሪያው ጋር! ከብቱ በሄደበት ሁሉ ዘሪ ሆነ ማለት ነው። ዘላን ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። አብዝተው የበሉት እንስሳት ጥርሳቸው እየበሰበሰ፣ መንጋጋቸው እየተጣመመ ያልቃሉ። ቢቆርጡት ከመሬት በታች ካለው አንገቱ በብዙ ቀንበጥ ይነሳል፤ ጉቶውን ቆፍሮ ካላወጡት መቁረጥ መከርከም ብቻ ነው። በሰላሳ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወሯል። ለዱር እንስሳት ተብሎ በተከለለው በአላይደጌ ሜዳ እንኳ፣ ቁጥሩ የተመናመነው የግሬቪ የሜዳ አህያና ሳላው የሚግጡት ሣር ላይ ገብቷል። አዳኝ ያልጨረሰውን ጥላ ይጨርሰዋል ብሎ ማን አሰበ?

«ካልቻልከው ተጠቀምበት» የሚሉም መጡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሚባራና በገዋኔ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዛፉ ከሰል እንዲያከስሉ፣ ፍሬውን እየፈጩ ለመኖ እንዲያውሉ ተሞከረ። የተፈጨ ዘር አይበቅልምና ይህኛው ሐሳብ ብልህ ነበር። ከሰሉ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ በፕሮሶፒስ ስም የወጣው ፈቃድ የአገሬውን ግራር ማክሰያ ሆነና መልሶ ተከለከለ። ከተከሰለ በኋላ ማዳበሪያ ውስጥ የታሰረውን ማን ለይቶ ያውቀዋል? ኬላ ጠባቂውም አያውቀውም፤ አዲስ አበባ ገዝተን ቡና የምናፈላበት እኛም አናውቀውም።

ወደ ሐረርጌ ስንሻገር ደግሞ ሌላ ስም ይጠብቀናል። በወሎ ቅንጨ የሚባለውን፣ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለውን አረም የሐረርጌ ገበሬ ፈረምሲሳ ይለዋል። «አስፈራሚ» ማለት ነው፤ መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያደርግ። እንደዚህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው በሕይወቱ ስንት ወረቀት ላይ ጣቱን አሳርፎ ይሆን? ፓርቲኒየም የተባለው ይህ አረም በአገራችን በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ታየ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች በድርቁ ዘመን ከገባው የእርዳታ ስንዴ ጋር መጣ ይላሉ፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከወታደር መኪና ጎማ ጋር ነው የሚሉም አሉ። አንዲት እግር ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ታፈራለች። ያረመው ሰው ቆዳው ይቆጣል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። ረሃብ ሊያስታግስ በመጣ ጆንያ ውስጥ የሚቀጥለው ረሃብ ዘር ሆኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

እምቦጭን ሁላችንም የምናውቀው በጣና ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል መታየቱ ከታወቀ በኋላ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቆቃ ላይ የተመዘገበው በ1957 ዓ.ም. መሆኑን ነው። ከቆቃ እስከ ጣና ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ማስጠንቀቂያ ነበረን። በባሮም ታይቷል፤ በሱዳን ነጭ ዓባይን ከ1950ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ወይን ጠጅ አበባው ስለሚያምር ነው ሰው ከአማዞን አንስቶ ዓለምን ያዞረው። አሜሪካኖቹ በሉዊዚያና ተቸግረው እ.ኤ.አ. በ1910 ብሩሳርድ የተባለ የምክር ቤት አባል ከአፍሪካ ጉማሬ አምጥተን አረሙን እናስበላው፣ ሥጋውንም እንብላው የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርቦ ነበር። ሕጉ አልጸደቀም። እኛ በጣና ጉማሬውም አለን፣ እምቦጩም አለን፤ ጉማሬው አላስወገደልንም።

ጣና ላይ ያየነው ትጋት ታሪክ ሊጽፈው የሚገባ ነው። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ፣ አልቅት እየመጠጠው በእጁ ነቀለ። በውጭ አገር ያሉ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ላኩ። ማሽኖቹ ግን ጥልቀት በሌለው ጭቃማ ዳርቻ መግባት አቃታቸው፤ መለዋወጫ ሲጠፋም ቆሙ። በጥቅምት 2013 የተካሄደው የአንድ ወር ዘመቻ ብዙ ሄክታር አጸዳ። እምቦጭ ግን በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ የሚያደርግ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት የሚተኛ ፍጡር ነው። ዘመቻ የምንወድ ሕዝብ ነንና ከዘመቻው ማግስት ያለውን አሰልቺ ሥራ፣ ማለትም ሳምንት በሳምንት ዳርቻውን መቃኘቱን፣ በወንዞቹ የሚወርደውን ማዳበሪያና ደለል መቀነሱን ብዙም አንወደውም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ጥቃቅን ነቀዞች ተለቅቀው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ አረሙን ክፉኛ አዳክመውታል። እኛም ነቀዞቹን ከኡጋንዳ አምጥተን በወንጂ አርብተናል። «ሌላ ጉድ እንዳያመጣብን» ብሎ የሚፈራ ሰው ግን አላዋቂ አይደለም። በትግራይ በለስ ላይ የሆነውን እናስታውስ። በለሱ ራሱ የባህር ማዶ እንግዳ ነው፤ ግን የክረምት ቀለብ ሆኖ ቤተሰብ ሆነ። በ1990ዎቹ ከሱ ላይ ቀይ ቀለም ይመረታል ተብሎ ኮቺኒል የተባለ ተባይ ገባ፤ ከተፈቀደለት ቦታ አልፎም በደቡብ ትግራይ የድሃውን በለስ አደረቀ። ልዩነቱ ያለው ነቀዝ በማምጣትና ባለማምጣት ላይ አይመስለኝም። የቪክቶሪያዎቹ ነቀዞች ከእምቦጭ ሌላ እንደማይበሉ አስቀድሞ ተፈትኖ ነው የተለቀቁት። ኮቺኒል ግን ሥራው በለስ መብላት መሆኑ እየታወቀ፣ በለስ በልቶ የሚያድር ሕዝብ መሀል ገባ።

በቅርቡ በዚያው በገዋኔ መንገድ አለፍኩ። ሽማግሌው የሉም። ዳሱ ወደ ሻይ ቤት አድጓል፤ ዛፉ ጀርባው ድረስ ደርሷል። መንግሥትም ተለውጧልና አዲስ ስም ወጥቶለት እንደሆነ ብዬ የምታስተናግደንን ወጣት «ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» አልኳት። በመስኮቱ አየት አደረገችና ጥያቄዬ አልገባት እያለ መለሰችልኝ።

«ዛፍ።»