አኖማሊ

አኖማሊ ከተለመደው ወይም ከሚጠበቀው መዛነፍን የሚያመለክት፣ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው። ፍቺው እንደየሙያው ይለያያል።

በሥነ ፈለክ ስሕተትን አያመለክትም። ፕላኔት ለፀሐይ እጅግ ከምትቀርብበት ነጥብ ተነስቶ በሞላላ ምሕዋሯ ላይ ያለችበትን ቦታ የሚለካ ማዕዘን ነው። ስያሜው የተወረሰው የፕላኔቶች ጉዞ ወጥ አለመሆኑን ካስተዋሉ ጥንታውያን ነው፤ ምድርም በታኅሣሥ መጨረሻ ለፀሐይ ቀርባ ትፈጥናለች፣ በሰኔ መጨረሻ ርቃ ዝግ ትላለች።

በአየር ንብረት ጥናት የአንድ ወቅት ሙቀት ወይም ዝናብ ከረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዓመት፣ አማካይ ያለው ልዩነት ነው። በሕክምና አብሮ የሚወለድ የአፈጣጠር ችግር ማለት ነው። የደቡብ አትላንቲክ አኖማሊ የሚባለው ደግሞ የምድር መግነጢሳዊ መስክ የሚሳሳበት ቀጠና ሲሆን፣ የሀብል ቴሌስኮፕ በዚያ ሲያልፍ ጨረር ስለሚያውከው ምልከታውን ያቋርጣል።

በሳይንስ ታሪክ ያለው ፍቺ ግን ከሁሉም የላቀ ክብደት አለው፦ ተቀባይነት ባገኘ ንድፈ ሐሳብ አልፈታ ያለ ውጤት ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለቬሪዬ በ1859 እ.ኤ.አ. የሜርኩሪ ምሕዋር በኒውተን ሕግ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚዞር አሳወቀ። ትርፉ በ100 ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የልዩነቱ ምክንያት ትሆናለች ተብላ ቩልካን የተባለች ስውር ፕላኔት ብትፈለግም አልተገኘችም፤ በ1915 እ.ኤ.አ. የአንስታይን አጠቃላይ አንጻራዊነት ልዩነቱን በልኩ አስረዳ። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት ችላ ሳይሉ ለአሥርተ ዓመታት የያዙ ተመልካቾች ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል። የሳይንስ ታሪክ ምሁሩ ቶማስ ኩን በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሳይንስ አብዮቶች መጽሐፉ እንዲህ ያሉ እንቆቅልሾች ሲከማቹ ነባሩን አስተሳሰብ ቀውስ ውስጥ እንደሚከቱት አብራርቷል።